የዋንዛ ዞኮሎና የሴራሚክ ዞኮሎ በአንድ ቤት፦ ክፍሎቹ ሁሉ መመሳሰል አለባቸው?

የጉለሌዋ

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ግን ቤቱን ካልነገርኳችሁ ጥያቄው አይገባችሁም።

የምኖረው አባቴ በ1961 ዓ.ም. ጉለሌ ባሠራው ቤት ውስጥ ነው። የጭቃ ቤት ነው፤ በሲሚንቶ ተለስኗል። የሳሎኑና የሁለቱ መኝታ ቤቶች ወለል ጣውላ ነው። ዙሪያውን፣ ግድግዳው ከወለሉ የሚገናኝበትን ግርጌ የሚሸፍን የዋንዛ ዞኮሎ አለው። ዛሬ ጠዋት ለካሁት። ቁመቱ 14 ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲሜትር ነው። የላይኛው ጠርዙ ክብ ብሎ ይወርድና ከሥሩ አንድ ቀጭን መስመር ተቦርቡሮለታል። በሮቹም እንደዚያው ናቸው። በመቃኑና በልስኑ መሀል ያለውን ክፍተት የሚሸፍን፣ 9 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የዋንዛ ክፈፍ ዙሪያቸውን ይዟል።

እናቴ ለዘመን መለወጫና ለፋሲካ ወለሉን ሰም ስትቀባ ዞኮሎውንም አብራ ትቀባ ነበር። እኔና እህቴ በጨርቅ እናሸው ነበር። የእያንዳንዱን ማዕዘን ቅርጽ የማውቀው ተንበርክኬ ስወለውል ነው። ነገሩ ለእኔ የእንጨት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አሁን ከኋላ ያሉትን ሁለት ክፍሎች እያደስን ነው። ድሮ ጓዳና ዕቃ ቤት ነበሩ፤ በኋላ የተጨመሩ ስለሆኑ ግድግዳቸው ብሎኬት ነው። መሀላቸውን አፍርሰን አንድ ሰፊ ወጥ ቤትና መመገቢያ አደረግነው። ከሳሎን የሚያገባውን በርም አስፍተን ያለ መዝጊያ ክፍቱን ተውነው። ወለሉ ሊሾ ነበር። በላዩ 60 በ60 ሴራሚክ ተነጠፈ። ሠራተኞቹ ከተረፈው ሴራሚክ 8 ሳንቲሜትር እየቆረጡ ዞኮሎ አደረጉለት። ለብቻው ሲያዩት ያምራል።

ችግሩ የሚመጣው ሳሎን ሶፋ ላይ ስቀመጥ ነው። በግራ በኩል ያለው ግድግዳ ከሳሎን ተነሥቶ፣ በክፍቱ በር አልፎ፣ ቀጥ ብሎ ወደ መመገቢያው ይዘልቃል። እዚህ ቡናማ 14፣ እዚያ ግራጫ 8። ሠራተኛው እንጨት አልቆበት ጥሎት የሄደ ነው የሚመስለው።

ሌላም አለ። የእህቴ መኝታ ቤት በር ከዓመታት በፊት ተበላሽቶ በነጭ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ሰሌዳ) ተተክቷል። ክፈፉም ነጭ ነው፤ ስፋቱ 6 ሳንቲሜትር። ስለዚህ ከሳሎን ሦስት በሮች ይታያሉ። ሁለቱ ዋንዛ፣ አንዱ ነጭ።

ሥራውን የያዘው ሰው «ዋንዛውን ነቅለን ቤቱን በሙሉ ሴራሚክ ዞኮሎ እናድርገው። በሮቹንም ነጭ እንቀባቸው። ሁሉም አንድ ይሆናል» አለኝ። ርካሽ እንደሚሆን ይገባኛል። ልቤ ግን እምቢ አለኝ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ክፍሎች ሁሉ የግድ አንድ ዓይነት ዞኮሎና ክፈፍ ሊኖራቸው ይገባል? ካልሆነስ መለያየት የሚያምረው የት ላይ ነው? 14ቱና 8ቱ የሚገናኙበትን ቦታስ ምን ላድርገው? የምታውቁ እባካችሁ።

ተቋራጭ

እህቴ፣ እኔ ከሰውዬው ጋር እስማማለሁ። ሴራሚክ ውሃ አይፈራም፣ ምስጥ አይበላውም፣ ቀለም አይፈልግም። የጭቃ ቤት ላይ አዲስ እንጨት ማስገባት ለወደፊቱ ጣጣ ነው። ቤቱን አንድ ቀን ማከራየት ብታስቢ ተከራይ ሰም አይቀባልሽም። ዋንዛውን በጥንቃቄ አስነቅለሽ ለጠረጴዛ ወይም ለመደርደሪያ ብታደርጊው ማስታወሻነቱም አይቀርም። ክፉ አስቤ አይደለም፤ ብዙ አሮጌ ቤት ስላደስኩ ነው።

የሰሚቷ

እኔ የምነግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለመመሳሰል ብለሽ ኤምዲኤፍ ዞኮሎ እንዳታስገቢ።

እኛ ኮንዶሚኒየማችንን ስናጨርስ የእንጨት መልክ ያለው ኤምዲኤፍ ዞኮሎ አደረግን። ሲገባ ልብ ይሰርቅ ነበር። በቤታችን ወለል በውሃ ነው የሚወለወለው። ቡና ሲፈላ ደግሞ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ እርጥቡ ቄጤማ ዞኮሎው ሥር ተጠግቶ ያድራል። ዓመት ሳይሞላው ከታች አብጦ እንደ እንጀራ ጠርዝ ተነሣ። ኤምዲኤፍ አንዴ ካበጠ አይመለስም። ቢላግ ቢቀባ ያው ነው። ነቅለን ሴራሚክ አደረግን።

የአንቺ ዋንዛ ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ውልወላውንም ቄጤማውንም ችሎ ኖሯል። እኔ ብሆን አልነካውም።

አናጢ ከኮልፌ

እህቴ፣ እንዳትነቅዪው። 31 ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬያለሁ። እንደዚያ ያለ 2 ሳንቲሜትር ሙሉ ዋንዛ ዛሬ ልግዛ ብትዪ ደረቁን ለማግኘት ብዙ ትደክሚያለሽ። አገኘሁ ያለሽ ሰው ራሱ እርጥብ ሊሸጥልሽ ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። መጀመሪያ አንድ ነገር አድርጊ። ሁሉንም በር ክፈቺና ሳሎኑ መሀል ቁሚ። ዙሪያሽን ተመልከቺ። ከዚያ ቦታ አንድ ላይ በዐይንሽ የሚገባው መስማማት አለበት። የማይታየው የራሱ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ቢሆን፣ ጓዳው ሌላ ቢሆን ማንም አይከፋውም። ቤትን ሁሉ አንድ ማድረግ የሚያስፈልገው የሚመስላቸው ሰዎች ቤቱን በአንድ ጊዜ የሚያዩት ይመስል ነው። ቤት ግን ከቆምሽበት ቦታ ነው የሚታየው።

መስማማት ሲባልም የግድ አንድ ዕቃ መሆን አይደለም። ዐይን የሚይዘው በመጀመሪያ የዞኮሎውን የላይኛውን መስመር ነው። ቀጥሎ ቀለሙን። ቅርጹን የሚያየው ተጠግቶ የተቀመጠ ሰው ነው።

መለያየት የሚያምረው በር ላይ ነው። በር ድንበር ነው። ዞኮሎው መጥቶ ክፈፉ ላይ ያበቃል፤ ከክፈፉ ወዲያ ሌላ ክፍል ይጀምራል። በመዝጊያ የሚለያዩ ሁለት ክፍሎች አንዱ 14፣ አንዱ 10 ቢሆን አይታወቅም። ወለሉም እንደዚያው ነው። ጣውላውና ሴራሚኩ መገናኘት ያለባቸው ደፉ ላይ፣ መዝጊያው ከሥሩ የሚቆምበት ቦታ ነው። የአንቺ ችግር የመጣው ሴራሚኩ ግራጫ ስለሆነ አይደለም። በሩን ስታሰፊው ድንበሩ ስለጠፋ ነው። መቃኑም ክፈፉም ተነሥቷል። ሁለቱ ዞኮሎዎች ባዶ ልስን ላይ ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

ስለዚህ ድንበሩን መልሺው። መዝጊያ ባይኖረውም መቃን ይኑረው። ክፍቱን በሁለቱም ጎንና ከላይ በዋንዛ ሸፍነሽ፣ በሁለቱም ፊት 9 ሳንቲሜትር ክፈፍ ዙሪያውን አድርጊለት። ልክ እንደ ሌሎቹ በሮች። ያኔ የሳሎኑ ዞኮሎ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ክፈፉ ከዞኮሎው መወፈር አለበት። ዞኮሎሽ 2 ከሆነ ክፈፉ ቢያንስ 2.2 ይሁን። ክፈፉ 1.5 ሆኖ ዞኮሎው 2 ከሆነ የዞኮሎው የተቆረጠ አፍ ግማሽ ሳንቲሜትር ወጥቶ ይታያል፤ አቧራም ይይዛል። የድሮ አናጢዎች ይህን ሲያመልጡ ከክፈፉ ግርጌ ወፍራም ኩርማን እንጨት እንደ እግር ያቆሙ ነበር። ከዞኮሎው አንድ ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ከሁለቱም ወፍሮ። ክፈፉ ከላይ ያርፍበታል፣ ዞኮሎው ከጎን ይገጥመዋል። ቁመታቸው የማይገናኝ ሁለት ዞኮሎዎችን የሚያስታርቀውም እሱው ነው። ካዛንቺስ የጣልያን ጊዜ ቤቶች ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ በእጄ ፈትቻለሁ። ዞኮሎ የሚለው ቃልም ከእነሱ የቀረ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ሦስት ነገር ንገሪኝ። የመመገቢያው ወለል ከሳሎኑ እኩል ነው ወይስ ዝቅ ይላል? የበሮቹ ክፈፍ ውፍረት ስንት ነው? ከቁም ሣጥንና ከአልጋ ጀርባ ያለው ዞኮሎ ደህና ነው?

የጉለሌዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ሄጄ ለካሁ።

የመመገቢያው ወለል ከሳሎኑ በ3 ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል። የድሮዎቹ ክፈፎች ውፍረት 2.5 ነው። የእህቴ ነጩ ክፈፍ ግን 1.2 ብቻ ነው፤ እርስዎ እንዳሉት ዞኮሎው አፉን አውጥቶበታል። እስከዛሬ ለምን እንደሚያስጠላኝ አላውቅም ነበር።

ቁም ሣጥኑን አስነሥቼ አየሁ። ከጀርባው 2 ሜትር ከ20 የሚሆን ዞኮሎ አለ፤ ምንም አልሆነም። ሳሎን ውስጥ ግን በመስኮቱ ሥር 1 ሜትር የሚሆነውን በጣቴ ስጫነው ገባ። ምስጥ ይመስለኛል።

አናጢ ከኮልፌ

ጥሩ ነው፣ አሁን ቤቱ ታየኝ።

ከምስጡ እንጀምር። የበላውን ቁራጭ ብቻ አትቀይሪ። ንቀዪውና ከኋላው የግድግዳውን ቋሚ እንጨት እዪ። ቋሚው ባዶ ድምፅ ከሰጠ መጀመሪያ እሱ ይታከም። ጤነኛ ከሆነ ግን ቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለውን ደህናውን ዞኮሎ አምጥተሽ መስኮቱ ሥር ግጠሚው። አዲሱን እንጨት ቁም ሣጥኑ ጀርባ አድርጊው። ሃምሳ ዓመት ሰም የጠጣን ዋንዛ ቀለም የሚመስል አዲስ እንጨት የለም። የሚመስለው ያው ወንድሙ ብቻ ነው።

ሲነቀል ሠራተኛው ፌሮ ከትቶ እንዳይገነጥለው። መጀመሪያ በዞኮሎውና በልስኑ መሀል ያለውን የቀለም መስመር በምላጭ ይቁረጥ። አለዚያ ልስኑ አብሮ ይመጣል። ከዚያ ሚስማር ባለበት በኩል እየተጠጋ፣ ከኋላ ጠፍጣፋ እንጨት አስደግፎ ቀስ ብሎ ይግፋው። ሚስማሩን ከፊት በመዶሻ መልሶ አያውጣው፤ ፊቱ ይሰነጠቃል። ከኋላ በጉጠት ይሳበው። እያንዳንዱን ቁራጭ ከጀርባው በእርሳስ ቁጥር ጻፊበት። የድሮውን ሚስማር ቀዳዳ ደግሞ ልብ በዪ። የጭቃ ቤት ግድግዳ ሚስማር የሚይዘው ቋሚው ላይ ብቻ ነው። አባትሽን ያገለገለው አናጢ ቋሚዎቹን ፈልጎ አግኝቷቸዋል፤ አንቺ እንደገና አትፈልጊያቸው።

አሁን ወደ መመገቢያው። የሴራሚኩን ዞኮሎ ከሳሎን በሚታየው ግድግዳና በመመገቢያው ዙሪያ አንሺው። በምትኩ የዋንዛ አስገቢ። ቁመቱን ግን 14 አታድርጊው። 17 አድርጊው። ወለሉ 3 ዝቅ ብሏል አይደል? 14 ካደረግሽ የላይኛው መስመር ከሳሎኑ በ3 ሳንቲሜትር ይሰበራል፤ ዐይንሽም በየቀኑ እሱ ላይ ይወድቃል። 17 ከሆነ መስመሩ ከሳሎን ተነሥቶ በክፈፉ አልፎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቅርጹ ከላይ አንድ ነው፤ የጨመርሽው ከታች ሜዳውን ነው። ረጅም መሆኑን ማንም አያውቅም። ይህን በውሃ ልክ ነው የምታወጪው፤ ከሴራሚኩ ወደ ላይ እየለካሽ አይደለም። 17ቱ ደግሞ 8ቱ ሲነሣ የሚቆስለውን ልስን ይሸፍንልሻል።

ወጥ ቤቱ ካቢኔ ያለበት ግድግዳ ሴራሚኩ እንዳለ ይቆይ። ውሃ ያለው እዚያ ነው። ካቢኔው ጎን ድንበር ይሆንልሻል። እንጨቱ እስከ ካቢኔው መጥቶ ያበቃል።

ለአዲሱ እንጨት ከድሮው 10 ሳንቲሜትር ቁራጭ ይዘሽ እንጨት ማሽን ቤት ሂጂ። ስልክ ላይ ያነሣሽው ፎቶ አይበቃም። ቁራጩን አይተው ቢላውን በቅርጹ ይስሉልሻል። ለብክነት ከልኩ ላይ አንድ አሥረኛ ጨምረሽ በአንድ ጊዜ አሠሪ። በኋላ ሁለት ሜትር ጎደለኝ ብትዪ ለሁለት ሜትር ብሎ ቢላ የሚስል የለም። እንጨቱ እንደመጣ አይገጠም። ቤት ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርገሽ፣ በመሀሉ አየር እንዲያልፍ በቀጫጭን እንጨት ለያይተሽ ቢያንስ አንድ ወር አሳድሪው። ከመገጠሙ በፊት ጀርባውንና የታችኛውን ጠርዝ ቫርኒሽ ቀቢ። ይህን የሚያደርግ ትንሽ ነው። ውሃ የሚገባው ግን በዚያ ነው። ከሴራሚኩም 2 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይቁም። ብሎኬቱ ላይ በፊሸርና (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዝ ፕላስቲክ) በብሎን ይታሰር፤ የብሎኑን ራስ በዋንዛ ታኮ ድፈኚው።

ማዕዘን ላይ ሠራተኛሽ ሁለቱንም 45 ዲግሪ ሊቆርጥ ይፈልጋል። ወደ ውጭ በሚወጣ ማዕዘን ልክ ነው። ወደ ውስጥ በሚገባው ግን እንጨቱ በበጋ ሲደርቅ አፉን ይከፍታል። የድሮ ቤት ማዕዘን ደግሞ 90 ዲግሪ ሆኖ አያውቅም፤ ስኳድራ አስቀምጪና እዪው። አንደኛው ቀጥ ብሎ ግድግዳ ድረስ ይግባ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ቅርጽ ተከትሎ በቀጭን መጋዝ ተቆርጦ ይጋጠመው። የድሮዎቹን ማዕዘኖች ስትነቅዪ እንደዚያ ሆነው ካገኘሻቸው አትደነቂ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ሜሪላንድ ነኝ። የገዛነው ቤት በ1952 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ከኋላ በተለያየ ጊዜ ሁለት ክፍል ተጨምሮለታል። ስንገባ ሦስት ዓይነት ዞኮሎ ነበረው። እዚህ ቤዝቦርድ ነው የሚሉት።

እኛ ያደረግነው ከአናጢው ሐሳብ ጋር ይመሳሰላል። መኝታ ቤቶቹን አልነካንም፤ በራቸው ይዘጋል። ሳሎኑንና መተላለፊያውን ብቻ አንድ አደረግን። ቁመቱ ያጠረውን ከላይ ቀጭን ጠርዝ ጨመርንበት። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ነጭ ቀለም ቀባነው። የእኛ ተራ ጥድ ስለሆነና ቀድሞም ቀለም የተቀባ ስለነበረ ነጩ ጉድለቱን ሸፈነልን። ዋንዛ ግን ነጭ አይቀባም። እዚህ ሰው አሮጌ ቀለም ፍቆ እንጨቱን ለማውጣት ስንት ወር ይለፋል።

አንድ የልኬት ነገር ልጨምር። እዚህ እንጨት መደብር 6 ኢንች ተብሎ የሚሸጠው ሲለካ 5 ተኩል ነው። ይህን ሳላውቅ በስሙ አዝዤ ከድሮው ጋር አልገጥም ብሎኛል። የትም አገር ሁኚ፣ የድሮውን ቁራጭ ይዘሽ ሂጂ የሚለው ምክር ወርቅ ነው።

ሌላው የጤና ነው። የነጩ በር አካባቢ ወይም የትም አሮጌ ዘይት ቀለም ካለ ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። አሜሪካ ለቤት በሚሸጥ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተከለከለው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ሲታደስ አቧራው እንዳይበተን ብዙ ጥንቃቄ ይደረጋል፤ በተለይ ሕፃን ካለ። እኛ ውሃ እየረጨን፣ ፕላስቲክ አንጥፈን፣ ልጆቹን ዘመድ ቤት ልከን ነው የሠራነው።

የጉለሌዋ

እሺ፣ ስለ እርሳሱ አመሰግናለሁ፤ የታናሽ እህቴ ልጅ ገና ዳዴ ነው የሚለው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የእህቴን ነጭ በር ምን ላድርገው? እሷ ክፍሏን በሙሉ ነጭ አድርጋዋለች፤ ትወደዋለች። እኔ ሳሎን ሆኜ ሳየው ያስከፋኛል።

አናጢ ከኮልፌ

ሁለታችሁም ትደሰታላችሁ። ክፈፍ በሁለቱም ፊት አለው አይደል? በሳሎን በኩል ያለው የሳሎኑ ነው። በእሷ በኩል ያለው የእሷ ነው። በሳሎኑ በኩል ነጩን አንሥተሽ 9 ሳንቲሜትር የዋንዛ ክፈፍ አድርጊ፤ ውፍረቱ እንደሌሎቹ 2.5። በእሷ በኩል ነጩ ይቆይ። ቀለሙ የሚለወጠው መቃኑ ላይ መዝጊያው የሚያርፍበት እርከን ላይ ነው፤ በሩ ሲዘጋ አይታይም። መዝጊያው ራሱ በሳሎን በኩል ነጭ ሆኖ ቢቆይ በዋንዛ ክፈፍ ውስጥ እንደ ሥዕል ነው የሚቀመጠው። ካልወደድሽው በኋላ ትቀይሪዋለሽ። መጀመሪያ ክፈፉን አይተሽ ፍረጂ።

የጉለሌዋ

(ሰኔ ላይ የጻፍኩት ነው)

ያሉትን ሁሉ አደረግን። እንጨቱ ሳሎን ውስጥ አምስት ሳምንት ተደርድሮ ቆየ። መስኮቱ ሥር ቋሚው ጤነኛ ነበር፤ ምስጡ ዞኮሎው ላይ ብቻ ነው የቆመው። የቁም ሣጥኑ ጀርባ ቁራጭ ገጠመ። አሁን የት እንደተቀየረ እኔ ራሴ ካልነገርኩ ሰው አያውቅም።

የድሮዎቹን ማዕዘኖች ስንነቅል ጋሼ እንዳሉት ነው ያገኘናቸው። አንዱ ቀጥ ብሎ ገብቷል፤ ሌላው ቅርጹን ተከትሎ በቀጭን መጋዝ ተቆርጧል። ሥራውን የያዘው ሰውም ይዞት ብዙ አየው። ከዚያ በኋላ በሙሉ እንደዚያ ነው የሠራው።

17ቱን በተመለከተ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩና መስመሩን በዐይኔ ተከተልኩት። ከመስኮቱ እስከ መመገቢያው መጨረሻ ይሄዳል። እናቴን አስቀመጥኳትና «ምን ተለወጠ?» አልኳት። ዞኮሎውን ሳታይ «በሩ ተመለሰ» አለችኝ።

የእህቴ በር በሳሎን በኩል ክፈፉ ዋንዛ ሆኗል። መዝጊያው ነጭ ነው፤ ወደድኩት።

አሁን የቀረኝ ሁለት ነገር ነው። አዲሱ ዋንዛ ነጣ ያለ ነው፤ ሰም ልቀባው ወይስ ቫርኒሽ? በሁለት ማዕዘን ላይ ደግሞ ፀጉር የምታህል ክፍተት አለች። ስቱኮ ልሙላባት?

አናጢ ከኮልፌ

እንኳን ደስ አለሽ። እናትሽ ዐይን አላቸው።

መመገቢያው በውሃ ስለሚወለወል ቫርኒሽ ይሁን፤ የማያብረቀርቀውን ምረጪ። ሳሎኑ ሰሙን ይቀጥል። ሰም ያለበት እንጨት ላይ ቫርኒሽ አይይዝም፤ የግድ መቀባት ካለብሽ በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛው) ደጋግመሽ አጥበሽ፣ መጀመሪያ ጀርባው ላይ ሞክሪ። የመቃኑን ቀለም ለማጥቆር አትቸኩዪ። ዋንዛ በራሱ ጊዜ ይጠቁራል።

ክፍተቷን አሁን አትንኪያት። ክረምት እየገባ ነው፤ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ራሱ ይዘጋታል። ጥር ላይ፣ ሲደርቅ የቀረውን እዪ። ያኔም ስቱኮ ሳይሆን፣ ከዚያው ከዋንዛው የተላገ ዱቄት በኮላ ለውሰሽ ሙዪው። ዱቄቱን ከአሁኑ በጠርሙስ አስቀምጪ፤ ሠራተኞቹ ጠርገው እንዳይጥሉት።